ጣሪያዬ ላይ የተጋደመው ሠራተኛ

ጡረታ ከወጣሁ 11 ዓመቴ ነው። ጠዋት ጠዋት በርጩማዬን ይዤ ደጅ ስወጣ ባለቤቴ «ደግሞ ልትጎለት ነው?» ትላለች። ልጆቼም «አባባ ምን ሥራ አለው፣ ፀሐይ ይሞቃል» ይላሉ። እሺ፣ ሥራ ፈት ነኝ እንበል። ታዲያ ጣሪያዬ ላይ ተጋድሞ የሚውለው ምን ሊባል ነው?

መብራት በጠፋ ቁጥር ሲበሳጭ የከረመው የልጅ ልጄ ነው ያመጣው። ሶላር ሲለኝ ያን ባለ መስታወቱን፣ 20 ኪሎ ገደማ የሚመዝነውን ጠብቄ ነበር። እሱ ግን እንደ ሰሌን የተጠቀለለ ነገር በብብቱ ይዞ ገባ። «አባባ፣ ይሄ ስሱ ነው» አለኝ። ፀሐይዋን የሚይዘው ሽፋን ከፀጉር ውፍረት 50ኛ እጁን እንኳ አያክልም። ሒሳብ ክፍል ስሠራ ካልኩሌተሬ ግንባር ላይ የነበረችው ቡናማ መስታወት ዘመድ ነው አሉ። ዘንድሮ ያልሳሳ ምን አለ? እንጀራው ሳሳ፣ ጋቢው ሳሳ፤ ይሄም ተራው ደርሶ ነው።

የሚገጥመው ባለሙያ መጣና ቆርቆሮዬን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። «አባቴ፣ ይሄ የሚለጠፈው ልሙጥ ነገር ላይ ነው፤ የእርስዎ ቆርቆሮ ሞገድ አለው።» 40 ዓመት ዝናቤን ሲያወርድልኝ የኖረው ሞገድ ጥፋት ሆኖ ተገኘ! በስንት መከራ ዝገቱን ፍቆ፣ ጠፍጣፋ ላሜራ ከላይ አስሮ፣ እዚያ ላይ ለጠፈው።

ቀጥሎ «ጥላ የሚያርፈው ስንት ሰዓት ላይ ነው? ፀሐይስ በየት በኩል ታልፋለች?» ብሎ ጠየቀ። ልጁ ስልኩን መነካካት ጀመረ። እኔ ከበርጩማዬ ሳልነሳ መለስኩ፦ የአቮካዶው ጥላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጣሪያውን ይነካል፤ ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ በደቡብ በኩል ታልፋለች፤ ሰኔ ሲገባ ወደ ሰሜን ትዞርና እኔንም ከነበርጩማዬ ወደ ጓሮ ትወስደኛለች። ሁለቱ ተያዩ። 11 ዓመት ሙሉ ጥናት ላይ እንደነበርኩ ያን ቀን ገባኝ። አበል ግን የከፈለኝ የለም።

የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ይሄ ስስ ነገር ከሚያርፍበት ብርሃን ከመቶ አሥሩን እንኳ ወደ ኤሌክትሪክ አይለውጥም፤ ወፍራሙ ከሃያ በላይ ያደርሳል። ስለዚህ የሰፊ ጣሪያ ጌታ ሆኖ ተንጋለለ። እሱም አልበቃ ብሎ በመጀመሪያዎቹ ወራት ጉልበቱ ይወርዳል፤ ስቴብለርና ሮንስኪ የሚባሉ ሰዎች ይህን በ1977 እ.ኤ.አ. ደርሰውበታል። ልጁ ግን ይሟገትለታል፦ «አባባ፣ ከዚያ በኋላ እኮ ይረጋል! ሙቀትም ከወፍራሙ ይልቅ ይችላል!»

እኔስ? ቀጭን ነኝ። ጡረታ በወጣሁ ሰሞን ጉልበቴ ወረደ፣ ከዚያ ረጋሁ። ሙቀት ከሆነ ማንም አይችለኝም። ለእሱ ሲሆን ባሕርይ፣ ለእኔ ሲሆን ስንፍና!

ማታ እራት ላይ ልጁ ስልኩን ከፍቶ «ዛሬ ይሄን ያህል አመረተ» ሲል ባለቤቴ «እሰይ፣ ይባረክ!» ትላለች። ቀኑን ሙሉ ንቅንቅ ያላለውን! አቧራ ሲጠጣም በእርጥብ ጨርቅ ይወለወልለታል። የእኔን ጋቢ ማን አራግፎልኝ ያውቃል?

ትናንት የሰኔ ደመና ገባ። በርጩማዬን ይዤ ወደ ቤት ስመለስ ልጁ ስልኩ ላይ አፍጥጦ «አባባ፣ ዛሬስ ሰነፈ» አለኝ።

«አፍህን ሰብስብ!» አልኩት። «ደመና ነው እንጂ ስንፍና አይደለም።»

ምን ላድርግ? አንድ ሙያ ላይ ያለን ካልተደጋገፍን ማን ይሟገትልናል?