ጊታር በትንሽ ሳንቲም

ጊታርን ራስን በራስ ማስተማር በሁለት ቁጠባ ይጀምራል፤ አንዱ ከመምህሩ፣ ሌላው ከመሣሪያው። ሁለቱም እውነተኛ ቁጠባዎች ናቸው፤ የሚተርፈው ግን የተማሪው ኪስ ብቻ ነው። የቀረውን ሒሳብ ጣቱ፣ ጎረቤቱና አከራዩ ተከፋፍለው ይከፍሉለታል።

አዲስ አበባ ውስጥ ርካሽ ጊታር የሚገኝባቸው በሮች ጥቂት ናቸው። ከሱቅ የሚገዛ አዲስ የቻይና ሥራ አለ፤ ቫርኒሹ ፊት ያሳያል፣ መቃኛዎቹ ግን ጠዋት የተሰጣቸውን ድምፅ ይዘው እስከ ማታ አይቆዩም። በቴሌግራም «ብዙም ያልተነካ» ተብሎ የሚሸጥ ያገለገለም አለ፤ ሻጩ አልዋሸም፣ በጊዜ ተስፋ ስለቆረጠ በእርግጥም ብዙ አልነካውም። ከሁሉም የሚረክሰው የዘመድ ጊታር ነው፦ ከአሜሪካ ለእረፍት የመጣ የአክስት ልጅ ጥሎት የሄደ፣ ቁም ሣጥን አናት ላይ ከሻንጣ ጋር የተጋደመ፣ ክሩ የዛገ። ዋጋው ዜሮ ነው፤ ሆኖም አክስት በየበዓሉ «እስቲ ምን ደረስክ?» ብላ የመጠየቅ መብቷ የተጠበቀ ነው።

ከመግዛት በፊት የሚደረገው ምርመራ ገንዘብ አይፈጅም። አንድ ዓይን ጨፍኖ አንገቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ማየት፣ ተጣሞ እንደሆነ ያጋልጠዋል። ቀጥሎ በቁራጭ ሲባጎ ከአንገቱ ጫፍ እስከ 12ኛው ፍሬት (አንገቱን አግድም ከሚያቋርጡት ብረቶች አሥራ ሁለተኛው)፣ ከዚያም ከ12ኛው ፍሬት ክሮቹ እስከሚያርፉበት ብርኩማ ይለካል። 12ኛው ፍሬት ክሩን እኩል ለሁለት መክፈል አለበት፤ እዚያ ላይ የተጫነ ክር ድምፁ ልክ በአንድ ኦክታቭ ከፍ ይላል። ሁለቱ ርቀቶች በጉልህ ከተበላለጡ ያን ጊታር ማንም አይቃኘውም፤ ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ግን ያምራል። በመጨረሻ እያንዳንዱን ክር በእያንዳንዱ ፍሬት ላይ ተጭኖ ማዳመጥ ነው። ሻጩ ሰዓቱን ማየት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

የርካሽ ጊታር ዋና በሽታ ክሩ ከአንገቱ ርቆ መወጠሩ ነው። 12ኛው ፍሬት ላይ በብረት ክር ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር፣ በናይለን ክር ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ክፍተት ለእጅ ይመቻል። ከዚያ በላይ ሲሆን ተማሪው የሚማረው ሙዚቃ ሳይሆን ጡንቻ ነው፤ ብዙዎች «ተሰጥኦ የለኝም» ብለው የሚተዉትም በዚህ ነው። ጥፋቱ የእነሱ ሳይሆን ብርኩማው ላይ የተሰካችው የቀጭኗ ፕላስቲክ ነው። አውጥቶ ከሥሯ በብርጭቆ ወረቀት መሞረድ ይበቃል። ስሌቱ ግን አይረሳ፦ 12ኛው ፍሬት ላይ 1 ሚሊ ሜትር ለማውረድ ከፕላስቲኳ 2 ሚሊ ሜትር መሄድ አለበት። ሥራው ጥሞት ከዚያ አልፎ የሞረደ ሰው ክሮቹ ፍሬቱ ላይ ተኝተው ሲንጫጩ ይሰማል፤ የተሞረደውን መመለሻ ደግሞ የለም።

መለወጫ ግን አለ። ውድ ጊታሮች እዚያች ቦታ ላይ የሚሰኩት አጥንት ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ በሥጋ ቤት ብዛት አትታማም። የበሬ ቅልጥም ተቀቅሎ፣ ስቡ በሳሙና ውኃ ወጥቶ፣ በደንብ ደርቆ በመጋዝ ሲቆረጥና ሲሞረድ ከውጭ ከሚመጣው የማይተናነስ ይወጣዋል። ሥጋ ቤቱ አጥንቱን ለውሻ መስሎት በነጻ ይሰጣል። ወጪው ሽታው ነው፤ አጥንት ሲሞረድ የጥርስ ሐኪም ክፍል ይሸታል፣ ያም ሽታ ከአንድ ክፍል ኪራይ ቤት ቶሎ አይወጣም።

ክርን በተመለከተ አንድ ክልክል አለ፦ ለናይለን በተሠራ ጊታር ላይ የብረት ክር አይወጠርም። ስድስት የብረት ክሮች በአንድነት ሰባ ኪሎ ግራም ገደማ በሚሆን ኃይል ይጎትታሉ፣ ናይለኑ ከዚያ በእጅጉ ያንሳል፤ ብርኩማው ሳይታሰብ ተነቅሎ ሊወጣ ይችላል። ናይለን ራሱ ለጊታር እንግዳ ነው። እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ ክላሲክ ጊታር እንደ በገና በአንጀት ክር ነበር የሚመታው፤ በጦርነቱ አንጀቱ ለቁስል መስፊያ ሲፈለግ፣ በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አልበርት ኦገስቲን የተባለ የኒው ዮርክ ባለሙያ በአንድሬስ ሴጎቪያ አበረታችነት የናይለን ክር ሠራ። ጀማሪ ጣቱን ከወደደ ናይለኑን ይመርጣል። ብረቱን የመረጠ ደግሞ ያረጀ ክሩን ቀቅሎ፣ እድፍና ላቡን አስለቅቆ ለጥቂት ቀናት ሊያስነሣው ይችላል፤ የባስ ጊታር ተጫዋቾች የቆየ ዘዴ ነው። አከራዩ ድስቱን ከፍተው ሽቦ ሲፈላ ቢያዩ ግን ዘዴውን ማስረዳት ቀላል አይሆንም። አንድ ክር ተበጥሶ መግዣ ከጠፋም ማዘን አያስፈልግም፤ የሮሊንግ ስቶንሱ ኪት ሪቻርድስ ስድስተኛውን ክር በገዛ ፈቃዱ አውጥቶ በአምስት ክር ብዙ ሀብት አፍርቷል።

ፒክ መግዛት ቅንጦት ነው። ጊዜው ያለፈበት የባንክ ካርድ ወይም ሲም ካርዱ የተነቀለበት ፕላስቲክ በመቀስ ተቆርጦ ይበቃል። የኩዊን ባንድ ጊታሪስት ብራያን ሜይ እስከ ዛሬ የሚመታው በድሮ የእንግሊዝ ስድስት ፔኒ ሳንቲም ነው። ጊታሩንም ቢሆን በ1963 (እ.ኤ.አ.) ከአባቱ ጋር ቤት ውስጥ መሥራት የጀመረው ከአሮጌ የእሳት ምድጃ እንጨት ሲሆን ከሞተር ሳይክል የወጣ ስፕሪንግም ገብቶበታል። አባትየው ኢንጂነር እንደነበሩ ማስታወስ ግን ተገቢ ነው፤ አለበለዚያ ብዙ አልጋ በከንቱ ይፈርሳል።

መቃኘት ቁጠባ የማይገባበት ሥራ ነው፤ ደግነቱ ነጻ ነው። የስልክ መቃኛ መተግበሪያ ሞልቷል፤ ባትሪ ከሞተም የስድስተኛውን፣ ማለትም የወፍራሙን፣ ክር 5ኛ ፍሬት ተጭኖ አምስተኛውን ከእሱ ጋር ማስማማት፣ እንዲሁ እያሉ መውረድ ነው፤ ሦስተኛው ክር ላይ ብቻ 4ኛው ፍሬት ይያዛል። የተቃኘ ጊታር ምንም ሳይጫን ሲመታ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ ይሰጣል። የተደገመውን ኢ ትቶ በተራ ሲደረደሩ ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ፣ ኢ ይሆናሉ፤ ይህ ከጂ የሚነሣው የትዝታ ሜጀር ቅኝት ነው። ግራ እጁን ገና ያላሠራ ተማሪ ትዝታን ሳያውቀው ታቅፎ ተቀምጧል ማለት ነው። ድምፆቹ በተለያየ ኦክታቭ ስለተበተኑ በተራቸው ለማስኬድ ሁለት ቦታ ብቻ መጫን ይበቃል፦ ሦስተኛው ክር ባዶውን፣ ቀጥሎ 2ኛ ፍሬቱ፤ ሁለተኛው ክር ባዶውን፣ ቀጥሎ 3ኛ ፍሬቱ፤ ከዚያ የመጀመሪያው ክር ባዶውን። ሰባቱን ድምፅ ለመማር አቅም ላነሰው በአምስት የሚያዘፍን ቅኝት ትልቅ እርዳታ ነው። አንቺ ሆዬ ትቆየው፤ እሷ ግማሽ ድምፆቿ ብዙ ናቸው።

የጣት ሕመም ለጥቂት ሳምንታት ይቆያል፣ ከዚያ ቆዳው ይደነድናል። የግራ እጅ ጥፍር ይቆረጣል። በየቀኑ ሩብ ሰዓት መለማመድ ቅዳሜን ሙሉ ከመቀመጥ ይሻላል፤ ይህን ምክር ሁሉም ይሰማዋል፣ ሁሉም ቅዳሜን ይመርጣል።

በመምህር ፋንታ ዩቲዩብ አለ። ቪዲዮው በሌሊት ጥቅል ወርዶ፣ ፍጥነቱ በግማሽ ተቀንሶ ይታያል፤ ድምፁ ሳይወፍር ይዘገያል፤ ካሴት እያጠነጠኑ የተማሩት የቀደሙት ሰዎች ይህ ዕድል አልነበራቸውም። ጉዳቱ ቪዲዮ የተማሪውን እጅ አለማየቱ ነው፤ ስሕተት ለወራት ተከብሮ ይኖራል። ለዚህ ከዩቲዩብ የሚሻለው የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን የአምልኮ ቡድን ነው። ብዙ የከተማው ወጣት ጊታር የያዘው እዚያ ነው፤ ኮርድ የሚያሳይ ወንድም አይጠፋም፣ ጊታሩም የጋራ ነው። ጆሮን ለማሠልጠን ደግሞ ማሕሙድ አሕመድ በ1975 (እ.ኤ.አ.) ከአይቤክስ ባንድ ጋር የቀረጸውን «ኧረ መላ መላ» ከፍቶ የሰላም ስዩምን ጊታር ብቻ ለይቶ መከታተል ነው። ለመቅዳት መሞከር ግን ገና ነው።

የኪራይ ቤት ግድግዳ ችፑድ ከሆነ ልምምዱ የጋራ ይሆናል። ብርኩማው አጠገብ ከክሮቹ ሥር ቁራጭ ስፖንጅ ማስገባት ድምፁን ያፍነዋል፤ ጣት ግን ሥራውን አይተውም። ጎረቤት የሚሰለቸው ጊታሩን አይደለም፤ አንድ ዘፈን ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ መቋረጡን ነው። ያ ቦታ ብዙውን ጊዜ ኤፍ የሚባለው ኮርድ ነው። ስድስቱንም ክር በአንድ አመልካች ጣት መጫን ይጠይቃል፤ በቴሌግራም የሚሸጡትን አብዛኞቹን ጊታሮች ለገበያ ያቀረበውም እሱ ነው። ዕድሜ ለማራዘም አራቱን ቀጫጭን ክሮች ብቻ ይዞ ትንሹን ኤፍ መምታት ይቻላል፤ ከሩቅ ለሚሰማ አይለይም።

የመጨረሻው ምዕራፍ ሰው ፊት መጫወት ነው። አክስት «እስቲ» ያለችበት በዓል ይደርሳል፤ ተማሪው የብዙ ዘፈን መግቢያ እንጂ ሙሉ ዘፈን የለውም። ስለዚህ አንድ ብቻ፣ ግን እስከ ጫፉ መያዝ ይበጃል፤ ከጂ የሚነሣው ትዝታ ተመራጭ ነው። ችግሩ አክስት ራሷ ስታዜም ከጂ አትነሣም። ክሮቹን ሁሉ አንድ ፍሬት ላይ የሚጫነው ካፖ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ እርሳስ በክሮቹ ላይ አጋድሞ ከአንገቱ ጀርባ በላስቲክ ጠምዝዞ ማሠር ሥራውን ይሠራል። 2ኛው ፍሬት ላይ ትዝታው ከኤ፣ 4ኛው ላይ ከቢ ይነሣል፣ የጣት አያያዙ ግን አይለወጥም። ዘፋኟ መሐል ላይ ድንገት ከፍ ካደረገችው ለእርሳስ መቀየሪያ ጊዜ የለም፤ ጊታሩን አስቀምጦ ማጨብጨብ ነው።