ካርዱና መደርደሪያው

ይድረስ ለማከብርዎ አጎቴ፣ መሐል ሜዳ።

«የጤና መድኑን ላድስ ወይስ ብሩን በግ ልግዛበት?» ብለው ለጠየቁኝ፣ ያድሱት ነው መልሴ። «አሜሪካ ቢሆን ሁሉም በነጻ ነበር» ያሉትን ግን ሳላርም አላልፍም።

እዚህ አሜሪካ የመድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ ሞልቷል፤ ሰው የሚያስለቅሰው ዝርዝሩ ነው። መድን ሰጪው የሚከፍልላቸውን መድኃኒቶች እንደ ሠርግ ዳስ በማዕረግ ያስቀምጣቸዋል፤ ርካሾቹ ከበሩ አጠገብ፣ ባለ ስሙና ውዱ ከሙሽራው ጎን። ሐኪሙ ከሙሽራው ጎን ያለውን ካዘዘልዎ፣ ጭማሪውን የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት። ይህም ወርኃዊ መዋጮውን ሳያጓድሉ፣ በብዙው ውል ደግሞ መጀመሪያ የተወሰነ ዶላር ከኪስዎ ካወጡ በኋላ ነው። የአረጋውያኑ መድን ሜዲኬር እንኳ በ1965 እ.ኤ.አ. ታውጆ የመድኃኒት ሽፋን የጀመረው በ2006 ነው፤ 40 ዓመት ሙሉ «ምርመራውን በእኛ፣ ኪኒኑን በራስዎ» ሲል ኖሯል። በሽፋኑ ውስጥ ላለ መድኃኒት አንድ ሰው በዓመት ከኪሱ የሚያወጣው በ2000 ዶላር የተገደበው ገና በ2025 እ.ኤ.አ. ነው።

እርስዎ ዘንድ ነገሩ ተገልብጧል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲሞከር፣ ከአማራ ክልል ደቡብ አቸፈር፣ ፎገራና ተሁለደሬ ነበሩበት። መዋጮው በዓመት አንዴ፣ በቤተሰብ ነው፤ የደሃውን መንግሥት ይከፍልለታል፤ ከጤና ጣቢያ ሪፈር ይዞ ለሄደ ሆስፒታሉም በመድኑ ነው። መነጽርና ሰው ሠራሽ ጥርስ ብቻ አይጠይቁት (ጥርስዎን ከቆሎ ይጠብቁ)። እንግዲህ ዝርዝሩ ቸር ነው፤ ባዶው መደርደሪያው ነው። «ከውጭ ግዙ» የምትለዋ ወረቀት በመድን ካርዱ ላይ ታሾፋለች።

«ታዲያ መድኃኒት ከሌለ ለምን ልክፈል?» ይሉኛል። ቅሬታዎ እውነት ነው፤ አለመክፈል የሚሉት መፍትሔ ግን በሽታውን ያባብሰዋል። ጤና ጣቢያው እናንተን ያከመበት ወጪ የሚተካለት ከመድኑ ቋት ነው፤ መድኃኒት የሚገዛውም በዚያ ብር ጭምር ነው። ጤነኛው ወጥቶ በሽተኛው ብቻ ከቀረ ቋቱ ይደርቃል፣ መደርደሪያውም ይብሱን ይራቆታል። ደግሞም ቤት የሚያፈርሰው የአንድ ሳምንት ኪኒን ሳይሆን ድንገት የሚመጣ ኦፕራሲዮን ነው። «ሳልታመም ዓመቱ አለፈ፣ ብሬ ተበላ» ለሚለው ጎረቤትዎ፣ ዕድር ከፍሎ ሳይሞት የከረመ ሰው ገንዘቤን መልሱ ሲል ሰምቶ እንደሆነ ይጠይቁልኝ። ለቤት ክዳን የሚሆነውን የጓሳን ሣር ዘግተው ለዓመታት ሲጠብቁ የኖሩ አባቶቻችንስ፣ የማን ጣሪያ ቀድሞ እንደሚያፈስ መች አውቀው ነበር?

ስለዚህ ያድሱና በመድኑ ስብሰባ ላይ ይነሡ፤ የጎደለው መድኃኒት የትኛው እንደሆነ፣ ሲጎድልም መድኑ ከየትኛው መድኃኒት ቤት ጋር እንደተዋዋለ ይጠይቁ። «ከውጭ ግዙ» ያሏችሁን ወረቀት ሁሉ ሰብስበው ይያዙ፤ ከጩኸት ይልቅ የወረቀት ክምር ይደመጣል።

በጉን ደግሞ ሳይገዙ ከመንጋዎ መርጠው ለፋሲካ ያቆዩልኝ። ሐኪሞቹ እዚህ ጮማ ከልክለውኛል፤ መሐል ሜዳ ድረስ ግን ሥልጣን የላቸውም።

የእህትዎ ልጅ፣ ከሜሪላንድ