ቅሬ ቢይዘው ኖሮ!

ሐይቅ ከተማ፣ ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። ሁለት አብሮ አደጎች የምርጫ ወሬ ይዘዋል፤ አንዱ የሐይቅ ልጅ፣ ሌላው ከአምባሰል፣ ከውጫሌ የመጣ።

የውጫሌው፦ ስማ እንጂ፣ ዕጩ ብሆን ትመርጠኛለህ?

የሐይቁ፦ ምን ይዘህ?

የውጫሌው፦ የአምባሰል ማር!

የሐይቁ፦ ማሩን ከወሰድኩማ ድምፅ ሸጥኩ ማለት ነው፤ ሁለታችንም እንጠየቅበታለን።

የውጫሌው፦ ኧረ ስጦታ ነው!

የሐይቁ፦ አምስት ዓመት ረስተኸኝ በምርጫ ሰሞን ትዝ ስልህ ስጦታ ተባለ?

የውጫሌው፦ ሕግ አዋቂ ሆንክብን! እናንተ ሐይቆች የምታውቁት ዓሣ መፋቅ ነው።

የሐይቁ፦ እሱንም ቆሮሶና አምባዛ ለይተን ነው። እናንተ ፓርቲና መንግሥት መለየት አቅቷችሁ በኮድ 4 መኪና ትቀሰቅሳላችሁ።

የውጫሌው፦ ሰሌዳውን በፖስተር ሸፍነነዋል እኮ!

የሐይቁ፦ ነዳጁንስ ማን ሸፈነው?

የውጫሌው፦ ተወው እሱን። የገንዘቡ ሕግ ምን ይላል?

የሐይቁ፦ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ነው። ፓርቲ ከውጭ መንግሥት፣ ከሃይማኖት ተቋም፣ ማንነቱ ካልታወቀ ሰጪ ገንዘብ አይቀበልም። ሒሳቡንም አስመርምሮ ለምርጫ ቦርድ ያቀርባል።

የውጫሌው፦ የሐይቅ እስጢፋኖስ መነኮሳትም አይረዱኝማ?

የሐይቁ፦ አብሽር! እነሱ በጸሎት፣ ሼሁም በዱዓ ይርዱህ፤ እሱ ኦዲት የለውም።

የውጫሌው፦ «ከወዳጅ ነው» ተብሎ በፌስታል የመጣውስ?

የሐይቁ፦ ይመለሳል።

የውጫሌው፦ ፌስታሉን?

የሐይቁ፦ ብሩን! የውጫሌ ነገር ሳይመረመር አይታመንም። እናንተ ዘንድ በ1881 የተፈረመው ውል ዓድዋ ድረስ አዘመተን።

የውጫሌው፦ እኛ ምን አደረግን? ቦታ ብቻ ነው ያከራየነው!

የሐይቁ፦ ኪራዩን በየትኛው ሒሳብ አስገባችሁት?

የውጫሌው፦ እሺ፣ ቅጣቱስ ይፈራል? በ2013ቱ ምርጫ ዋዜማ ቦርዱ ስንት ፓርቲ ሰረዘ አይደል?

የሐይቁ፦ የሰረዘው የፊርማና የሰነድ መስፈርት ጎድሎባቸው ነው። በምርጫ ብር የተቀጣ ሰምተሃል?

የውጫሌው፦ ወላሂ አልሰማሁም።

የሐይቁ፦ እኔም። ዕድራችን ቅሬ ግን ከቀብር የቀረውን በጉባኤ ስሙን ጠርቶ ይቀጣዋል። አልከፍልም ካለ እሳት የሚያጭረው ጎረቤት ያጣል። ለአንድ ቀብር ይህን ያህል፣ ለአገር ምርጫ ዝም!

የውጫሌው፦ የትም ያው ነው። ትልቅ ሰው በምርጫ ብር አይታሰርም።

የሐይቁ፦ የቀድሞውን የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ሳርኮዚን ጠይቀው! በፈረንጅ 2012 የቅስቀሳው ወጪ ጣሪያ 22.5 ሚሊዮን ዩሮ ሆኖ ሳለ ወደ 43 ሚሊዮን ወጣለት፤ ያን ሁሉ ረጭቶም ተሸነፈ። በመጨረሻ አንድ ዓመት ተፈረደበት፤ ግማሹ በገደብ። ሰበር ሰሚው ፍርዱን ያጸናው በ2025 ነው።

የውጫሌው፦ አሥራ ሦስት ዓመት ቆይቶ? ቅሬ ቢይዘው ኖሮ በሳምንቱ ያልቅ ነበር!

የሐይቁ፦ ይኸው፣ መድኃኒቱን ራስህ አመጣኸው። የፓርቲ ሒሳብም እንደ ቅሬ ሒሳብ በሕዝብ ፊት ይነበብ። ማን ሰጠ? ስንት ሰጠ? የደበቀው ማነው? ስንት ተቀጣ?

የውጫሌው፦ እንዲያ ከሆነ እኔ ዕጩነቱ ቀርቶብኛል።

የሐይቁ፦ አየህ፣ ሳይነበብ ሥራውን ጀመረ!