ባቡር ሞያሌ የገባ ዕለት

ሞያሌ ባቡር ተነግሮላታል እንጂ አልገባላትም። የካቲት 23 ቀን 2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ፣ የኬንያና የደቡብ ሱዳን መሪዎች መለስ ዜናዊ፣ ምዋይ ኪባኪና ሳልቫ ኪር በኬንያዋ ላሙ ተገናኝተው ላፕሴት የተባለውን ፕሮጀክት ሲያስጀምሩ፣ ከላሙ ወደብ ተነስቶ በኢሲዮሎ በኩል ሞያሌን አቋርጦ አዲስ አበባ የሚደርስ የባቡር መስመር ካርታው ላይ ተሰምሮ ነበር። ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው አስፋልት ተዘረጋ። የላሙ ወደብም በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ሃዲዱ ግን ከካርታው ገና አልወረደም። ስለዚህ ርዝመቱ ስድስት ሜትር ስለማይሞላውና በኬንያዋ ሞያሌ፣ ኦዳ፣ አክስቴ ግቢ ውስጥ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ስለተከፈተው መስመር ላውራችሁ። በአካባቢው ከሱ በፊት የተከፈተ የለም።

የምኖረው ጀርመን ነው። እዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ በአንዱ ጓሮ ተሰብስበን ትንንሽ ባቡር የምናስኬድ ሰዎች አለን። አብዛኞቹ ጡረተኞች ናቸው፤ እኔም ወደዚያው እየተጠጋሁ ነው። ነገሩን ያላየ ሰው፣ «ባቡሩ ይዞራል፤ ከዚያስ?» ይላል። መዞሩ የሚያስደስተው ሕፃናትን ነው። እኛን የሚያስደስተን ወረቀቱ ነው። እያንዳንዱ ፉርጎ ካርድ አለው፤ ምን እንደጫነ፣ ከየት እንደተነሳ፣ የት እንደሚራገፍ ተጽፎበታል። አንድ ሰው የመስመር ተቆጣጣሪ ይሆናል፤ እሱ ሳይፈቅድ ከጣቢያ የሚወጣ ባቡር የለም። ሰዓቱም ተፋጥኖ ነው የሚሄደው፤ የእኛ አንድ ሰዓት ለባቡሩ ስድስት ሰዓት ስለሆነ ሙሉ የሥራ ቀን በአራት ሰዓት ያልቃል። አንዲት ፉርጎ ያለቦታዋ ካደረች እነዚያ ሽማግሌዎች እንቅልፍ አይወስዳቸውም።

ጀርመኖቹ ኤልጂቢ የሚሉት ይህ ባቡር በ1960 ዓ.ም. ኑረንበርግ ላይ በአሻንጉሊት ትርዒት ለገበያ የቀረበ ነው። የሃዲዱ ስፋት 45 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ባቡሩ ከእውነተኛው በ22 ተኩል እጅ ያነሰ ነው። አባዙት፤ አንድ ሜትር ገደማ ይመጣል። ድሬዳዋን በ1895፣ አዲስ አበባን በ1909 ዓ.ም. የረገጠው የጅቡቲው ባቡራችን የሄደበት ሃዲድ ስፋቱ ይኸው አንድ ሜትር ነበር። እንግሊዞች ከሞምባሳ ወደ ኡጋንዳ የዘረጉትም አንድ ሜትር። ኢትዮጵያና ኬንያ እንዲህ በስፋቱ ተስማምተው ከመቶ ዓመት በላይ ሲኖሩ ሃዲዳቸው አንድም ቀን አልተገናኘም። በቅርቡ ቻይናዎችን ጠርተው አዲስ ሲሠሩም ሁለቱም 1,435 ሚሊ ሜትር መረጡ። አሁንም ተስማምተዋል፤ አሁንም አልተገናኙም። በዓለም ላይ ይህን ያህል ተግባብተው ይህን ያህል የተራራቁ ጎረቤቶች መኖራቸውን እጠራጠራለሁ።

ለአክስቴ ልጅ ስጦታ ብዬ አንድ ሣጥን ሙሉ ይዤ ከአዲስ አበባ ወረድኩ። በጋራ የድንበር ኬላው፣ ኅዳር 2013 ዓ.ም. በተመረቀው ማለቴ ነው፣ ፈታሹ ሣጥኑን ከፈተና ሎኮሞቲቩን በሁለት እጁ አንስቶ ጎማዎቹን አሽከረከረ።

«ምንድን ነው?»

«ባቡር ነው፣ ጌታዬ።»

ቀና ብሎ ወደ ባልደረባው ዞረና፣ «መጣ እኮ!» አለው። ባልደረባውም ከወንበሩ ሳይነሳ፣ «ዘግይቷል፤ ቅጣት አስከፍለው» አለ። ተሳስቀው አሳለፉኝ።

ኦዳ ስደርስ የመጀመሪያው ችግር መብራት ሆነ። መብራት ጠፍቶ አይደለም። ኬንያዋ ሞያሌ ለዓመታት የምታበራው ከኢትዮጵያ በሚሻገር ኃይል ነው፤ የግድግዳው ሶኬት ግን ባለ ሦስት ቀዳዳው የእንግሊዝ ነው፤ የእኔ ባቡር መሰኪያ ደግሞ ባለ ሁለት ጥርሱ የጀርመን። ሦስት መንግሥታት አንድ ግድግዳ ላይ ተፋጠጡ። ጉዳዩን የፈታው ባለ ቦዳ ቦዳው፣ ማለትም ባለ ሞተር ታክሲው ጎረቤት ነው፤ በሞተሩ ሱቅ ደርሶ አዳፕተር ይዞ ተመለሰ። በውለታው «እኔም ሠራተኛ ነኝ» ብሎ ተቀመጠ።

አክስቴ ዶሮዎቿን እየሰበሰበች፣ «አንተ ልጅ፣ ይሄ ነገር ዶሮ ይገጫል?» አለች።

«አይገጭም፣ አክስቴ።»

«እንግዲያው እነሱ ይገጩታል።»

ጣቢያዎቹን ደለደልን። በሮቶው በኩል ላሙ፣ በኒሙ ዛፍ በኩል ኢሲዮሎ፣ በማድቤቱ በኩል ሞያሌ። አዲስ አበባ ወደ ሽንት ቤቱ በኩል ወደቀች፤ ቦታ ጠቦን እንጂ ሌላ ትርጉም የለውም። መስመሩ ክብ ስለሆነም አዲስ አበባና ላሙ ጎን ለጎን ዋሉ። የባሕር በር ጥያቄ በአንዲት ቀጥ ያለ ሃዲድ ሲፈታ በዓይኔ አየሁ።

ሠራተኛ መለመልን። ፎርም ስሪ የሚማረው የአክስቴ ልጅ ተቆጣጣሪ ሆነ። ባቡሩን እንዲነዱ የተመረጡት ሃጂ ናቸው፤ አስፋልቱ ከመምጣቱ በፊት በዚያ በድንጋያማው መንገድ ኢሲዮሎና ሞያሌ መካከል የጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው። ወረቀቱን የያዘው ከጎረቤት የመጣ ትራንዚተር ነው። እሱን ስመርጥ በልቤ የጀርመን ወዳጆቼን አስቤ ነበር።

ገና ሳንነሳ ሰዓት አጣላን። የአክስቴ ልጅ በትምህርት ቤት ልማዱ «3:00 ከላሙ መነሻ» ብሎ ጽፏል። ሃጂ አዩትና፣ «ሦስት ሰዓትማ ጠዋት አለፈ፤ ባቡሩ የት አለ?» አሉ። የሚገርመው፣ ልጁ ራሱ በስዋሂሊ ሲናገር ከሰዓት በኋላ ያለውን «ሳአ ቲሳ» ይለዋል፤ እኛ ዘጠኝ ሰዓት እንደምንለው ማለት ነው። ሁለቱም ሕዝብ ቀኑን ከንጋት ይቆጥራል፤ ያጣላን ወረቀቱ ላይ ያለው እንግሊዝኛ ነው። በዘጠኝ ሰዓት ተስማማን። ወዲያው ባለ ቦዳ ቦዳው እጁን አወጣ፤ በኬንያ በግራ፣ በኢትዮጵያ በቀኝ ስለሚነዳ ባቡሩ ሞያሌ ሲደርስ ወገን ይለውጥ ወይ? ሃዲዱ አንድ ብቻ ስለሆነ ጥያቄው ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ።

ባቡሩ ከላሙ ማዳበሪያ ጭኖ ወጣ፤ ማዳበሪያው የአክስቴ አመድ ነው። ኢሲዮሎ ደረሰና ቆመ። ተቆጣጣሪው ፈቅዷል፤ ሃጂ ግን እጃቸውን ከመቆጣጠሪያው አንስተዋል።

«ሃጂ፣ ይሂዱ እንጂ፤ መስመሩ ክፍት ነው።»

«ብቻዬን? ኮንቮይ ሳይሞላ፣ አጃቢ ሳይመጣ ከኢሲዮሎ የወጣሁበት ቀን የለም። ዛሬም አልወጣም።»

ከሰፈር ሁለት የሽቦ መኪና የያዙ ልጆች ተጠርተው ከኋላ ተሰለፉ፤ አንዱ ዱላ ተሸክሞ አጃቢ ሆነ። ሃጂ ቢስሚላሂ ብለው ተነሱ።

ሞያሌ ላይ ትራንዚተሩ ጠበቃቸው። እኛ ጀርመን ለአንድ ፉርጎ አንድ ካርድ ነው የምንጽፈው። ይህ ሰው በአራት ኮፒ ሠርቶታል። በቀለም የነከረው የጠርሙስ ቆርኪ ማኅተም ነው። «ዲክላራሲዮኑ የታለ? ማሸጊያው ለምን ተፈታ?» ይላል። ማንም አልሳቀም፤ ሃጂ እንኳ ከኪሳቸው የድሮ መንጃ ፈቃዳቸውን አውጥተው አሳዩት። የዓመታት ጓደኝነት ያለን እነዚያ የጀርመን ሽማግሌዎች ይህን ቢያዩ በደስታ ያለቅሱ ነበር። ሙያውን ከመጽሔት አንብበው ነው የለመዱት፤ ኦዳ ያሉት ግን ኖረውበታል።

ከኢትዮጵያ በኩል ስንመለስ የጫንነው ቦሎቄ ነበር፤ በእውነቱም ዓለም በሞያሌ ወደ ኬንያ የሚሻገር እህል ነው። ቦሎቄው የአክስቴ ነው፣ ፉርጎው ሙሉ ነው፣ ካርዱም ተጽፎ በድንጋይ ተጭኖ ተቀምጧል። አስር ሶላት ደረሰና ሃጂ ባቡሩን አቆሙ። የተፋጠነው ሰዓቴ ሌሊት ይላል። ነገርኳቸው። «የኔ ልጅ፣ ሶላት በፀሐይ ነው እንጂ በአሻንጉሊት አይደለም» ብለው ሊታጠቡ ሄዱ። ሁላችንም ወደ ሻይ ዞር ስንል ፍየሏ ገባችና ካርዱን በላች። አራቱንም ኮፒ።

ሃጂ ሰግደው ሲመለሱ ትራንዚተሩ ፉርጎውን ይዞታል። ወረቀት የሌለው ቦሎቄ ኮንትሮባንድ ነው፤ ይወረሳል። የአክስቴ ልጅ ፍየሏ ምስክር ትሁን አለ። ባለ ቦዳ ቦዳው ቀስ ብሎ ጆሮዬ ላይ፣ «በጓሮ በር ማሳለፍ ይቻላል፤ ዋጋው ግን ሌላ ነው» አለኝ። ክርክሩ እየሞቀ አክስቴ ሰፌዷን ይዛ ከማድቤት ወጣች፣ ፉርጎውን ገልብጣ ቦሎቄውን አፈሰሰችና፣ «የወረስኩት እኔ ነኝ፤ እራት ነው» ብላ ገባች። ትራንዚተሩ ባዶዋን ፉርጎ ዞር ዞር ብሎ ካያት በኋላ፣ «ዕቃው በባለንብረቱ ተወስዷል» ብሎ በአራት ኮፒ ጻፈና ቆርኪውን መታበት።

ባቡሩን እዚያው ትቼው መጣሁ። አሁን እሑድ እሑድ ይሠራል ይሉኛል። ሃጂ መስመሩ ኬንያ ውስጥ ብቻ ተቀጥሎ ናይሮቢ ይድረስ ይላሉ፤ ትራንዚተሩ ደግሞ ሁለተኛ ኬላ ይፈልጋል። የጎደላቸው ሃዲድ ነው። ከውጭ ወደ ሞያሌ የምትጓዙ ካላችሁ፣ ሻንጣችሁ ውስጥ ቦታ ከተረፈ ቀጥ ያሉ ሃዲዶች ያዙላቸው። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ስፋቱን ለኩ፤ 45 ሚሊ ሜትር ካልሆነ አይገጥምም።