የትኛው ግማሽ ነው የእናንተ?

ለ፦ መኪናዬን ዋስትና ለሰጠው መድን ድርጅት የካሳ ክፍል
ጉዳዩ፦ በስሌት ስለጠፋች ግማሽ ቪትዝ

የተከበራችሁ የካሳ ክፍል ኃላፊዎች፤

እንደምን ከረማችሁ? እኔ ደህና ነኝ። መኪናዬ ግን ከደብዳቤያችሁ እንደተረዳሁት ግማሽ ሆናለች።

የገጫት አይሱዙ እንኳ ይህን ያህል አልጨከነባትም። ሕዝቡ «አልቃይዳ» ብሎ የሰየመው ያለ ነገር አይደለም፤ ኮፈኗን፣ ፓራውልቷንና የግራ መብራቷን ጨፍልቆ ታርጋውን ሳያስነብብ ወደ ቃሊቲ ነጎደ። ቢሆንም ከሄደ በኋላ የቀረችው አንድ ሙሉ መኪና ነበረች። ግማሿን የወሰዳችሁት እናንተ ናችሁ፤ ያውም በካልኩሌተር።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። ውል የፈረምነው በሰኔ 2016 ማብቂያ ነው። የመኪናዋን ዋጋ 900,000 ብር ብላ የሞላችው የእናንተው ሠራተኛ ናት፤ እኔ ፈረምኩ፣ ዓረቦኑንም እዚያው ከፈልኩ፤ ሳይከፈል ሽፋን የለምና። ወር ሳይሞላ፣ ሐምሌ 22፣ ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ለቀቀው። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብርን ተሻገረ፤ የመኪና ዋጋም ተከትሎት ወጣ። ቪትዟ ግቢ ውስጥ ቆማ ሀብታም ሆነች። እኔ ዘይት እንኳ አልቀየርኩላትም።

አደጋው ሲደርስ የትራፊክ ፖሊሱን ፕላን አመጣሁ፤ ከሦስት ጋራዥ ፕሮፎርማ ሰበሰብኩ፤ እናንተም ዝቅተኛውን፣ 160,000 ብሩን፣ መረጣችሁ። ያኔ ገማቻችሁ ብቅ አለና «የዛሬ ዋጋዋ 1.8 ሚሊዮን ነው፤ አንተ የገባኸው ለግማሿ ነው፤ አንደር ኢንሹራንስ ነህ» ብሎ ፈረደ። 160,000ው በአንድ ጊዜ 80,000 ሆነ። ከእሱ ላይ ደግሞ አዲስ ለሚገጠመው መብራት የእርጅና ተቀናሽ አለ። ልብ በሉ፤ ካሳዬ ለሁለት ሲከፈል 1.8 ሚሊዮን የምታወጣው ወይዘሪት፣ መብራት ሲገዛላት አሮጊት ሆነች! በመጨረሻ ባለመኪናው ከራሱ የሚችለው ድርሻ፣ ኤክሰሱ፣ ተቀነሰ። የቀረውን ይዤ ሶማሌ ተራ ብወርድ ነጋዴው አየኝና «ወንድሜ፣ ይሄ የአንድ ዓይን ነው» አለኝ።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ደንቡ ከነጭራሹ ክፉ አይደለም። የመኪናውን ዋጋ ሆን ብሎ አሳንሶ፣ ትንሽ ዓረቦን ከፍሎ፣ ሙሉ ካሳ የሚጠይቅ ብልጥ ሞልቷል። እኔን የገረመኝ ዝምታችሁ ነው። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለፋሲካ «እንኳን አደረሰዎ» የሚል መልእክት ስልኬ ላይ አጓድላችሁ አታውቁም። «የመኪናዎ ዋጋ ስለጨመረ መጥተው ውልዎን ያስተካክሉ» የሚል ግን አንድም አልደረሰኝም። ለገዢ አንድ ለሻጭ ሌላ ዋጋ የሚናገር ደላላ እንኳ ሁለቱንም በዚያው ቀን ነው የሚናገረው፤ እናንተ ሁለተኛውን እስክገጭ አቆያችሁት።

ዋጋ መተመን ላይ ሕጋችንም ከእናንተ የተሻለ ዓይን አልነበረውም። የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ሲወጣ ለሞተ ሰው ካሳ ቢበዛ 40,000 ብር፣ ለተጎዳ ንብረት ግን እስከ 100,000 ብር ነበር የቆረጠው። ዜብራ ላይ ከሚሻገር እግረኛ ይልቅ አጠገቡ የቆመች ቪትዝ ትከብር ነበር ማለት ነው። እናንተ ደግሞ እሷንም ለሁለት ከፈላችኋት።

አሁን የውል ማደሻዬ ደርሷል፤ አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። የእናንተ ግማሽ የትኛው ነው? የፊቱ ከሆነ፣ አይሱዙው የገጨው የፊቱን ነውና ቀሪውን 80,000 ላኩልኝ። የኋላው ከሆነም ቅሬታ የለኝም፤ ከወዴት እንደሚጀምር ግን በደማቅ ቀለም አስምሩልኝ። የሚቀጥለው አይሱዙ ሲመጣ በስፖኪዮ አይቼ ያንኑ ጎን አዞርለታለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የግማሽ ቪትዝ ሙሉ ባለቤት

ግልባጭ፦
ለገጪው አይሱዙ (አድራሻው ሲገኝ)