የማይነሣው ሊቅ

አሮጌ ጌም ላይ ሞድ (ጌሙን የሚለውጥ ጭማሪ) መጫኛ ፕሮግራም አልከፈት ሲል መቆጣት አለማወቅ ነው። ፕሮግራሙ ሰነፍ አይደለም፤ ሊቅ ነው፤ ሊቅ ደግሞ በጠሩት ቁጥር አይነሣም።

ጂቲኤ ሳን አንድሪያስን እንውሰድ። ለኮምፒውተር የወጣው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። የጌሙን መኪና በዘመናዊ ሊተካ የተነሣ ሰው መጀመሪያ ጌሙን ራሱን ወደ 1.0 ቅጂ ይመልሳል፤ ከዚያ በኋላ የወጡት ቅጂዎች ለሞድ አይመቹምና። ቀጥሎ ዊንዶውስ 11ን «ኤክስፒ ነህ» ብሎ ያሳምነዋል። ምስኪኑ ያለ ክርክር ይስማማል። የጎደለች የዲኤልኤል ፋይል ይፈልጋል፤ እሷ ስትገኝ ሌላ መጥፋቷ ይነገረዋል። ጸረ ቫይረሱን ያጠፋል፤ በወዳጆች መካከል መጠራጠር ነውር ነው። የመኪኖቹ ቅርጽ የታጨቀበትን የአይኤምጂ ፋይል ለመነካካትም ጌሙን ከ«ፕሮግራም ፋይልስ» ያወጣል፤ ዊንዶውስ ከቪስታ ጀምሮ ያንን ፎልደር በዋዛ አያስደፍርም። በመጨረሻ ፕሮግራሙን «እንደ አስተዳዳሪ» ይከፍታል። (በገዛ ኮምፒውተሩ፣ በገዛ ቤቱ፣ ሹመት ለምኖ።)

ይህን ሁሉ የፈጸመ ሰው ያለ ሽልማት አይቀርም። ዊንዶውስ አንዳንዴ ቀይ የስሕተት ምልክት ደቅኖ «ሥራው በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል» ይላል። እውነቱን ነው። ዊንዶውሱ የ2001፣ ጌሙ የ2005 ሆነዋል፤ ሁሉም ተስማምቷል። የሚገጠመው መኪና ብቻ የ2024 ሞዴል ስለሆነ ፋብሪካው እስኪሠራው መጠበቅ ነው።