ጎባጣው ምስማር በቦንጋ፦ የጓሮ ጥናት

ስለ ከፋ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ከቡና ይጀምራል፤ ሲደክመው ወደ ማር ያልፋል፤ ማሩ ሲያልቅበት ኮረሪማ ያነሳል። አይፈረድበትም። ደኑ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ቡናው ቦንጋ ላይ ብሔራዊ ሙዚየም ቆሞለታል፤ የነጩ ማር ስም ዞኑን አልፎ ይጠራል። ከእነዚህ ሁሉ ጋር በአንድ ግቢ እየኖረ፣ የቡናውን አልጋም የንቡን ቀፎም ደግፎ እየያዘ፣ እስካሁን አንድም ምሁር ዞር ብሎ ያላየው አካል ግን አለ። እርሱም በየቤቱ በኒዶ ጣሳ ውስጥ የሚገኘው ያገለገለ ጎባጣ ምስማር ነው። ይህ ጥናት የተዘጋጀው ያንን ክፍተት ለመሙላት ነው።

አስቀድሞ የጥናቱን ቦታ መበየን ያስፈልጋል። በሌላው ዓለም እንዲህ ያለው ሥራ የሚሠራው በጋራዥ ውስጥ ነው፤ ጋራዥ ማለትም መኪናው ውጭ እያደረ ኮተት የሚቀመጥበት ክፍል ነው። እኛ ባጠናናቸው ግቢዎች መኪናው ስለሌለ ነገሩ በቀጥታ ከኮተቱ ይጀምራል። ወርክሾፑ ከማድ ቤቱ ግድግዳ አንሥቶ የቡና ጆንያ እስከተደረደረበት ድረስ፣ ቆርቆሮው ረዘም ብሎ በወጣበት ጥላ ሥር ይዘረጋል። ጠረጴዛው ቀድሞ በር ነበር፤ ማጠፊያው ዛሬም አልተነሣለትም። ግድግዳው ላይ ጉጠት፣ ጥርሱ ያለቀ መጋዝ፣ ጫፉ የዶለዶመ ካቻቢቴ እና የየትኛው ሞተር ብስክሌት እንደሆነ የማይታወቅ ሰንሰለት ተሰቅለዋል። ቦታውን የሚያስተዳድረው አባወራው ነው። የእንጀራ ሥራው ሌላ ነው፤ መምህር ወይም የወረዳ ሠራተኛ ይሆናል። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ቱታ ይለብስና ማንም እንዳይጠራው ያስጠነቅቃል። ማንም ሊጠራው አላሰበም።

በወርክሾፑ የሚከናወነው ሥራ በሦስት ይከፈላል፦ የሚፈስ፣ የማይሞቅ እና የሚንገጫገጭ። የሚፈሰው ጣሪያ ነው። እዚህ አገር ዝናቡ መጋቢት ላይ ገብቶ ጥቅምትንም ስለሚያይ፣ ጣሪያ ላይ ለመውጣት የሚመች ቀን ሲገኝ የሚፈስ ነገር አይገኝም፤ እንደምንም ቀዳዳው ከካላማዳሪ በተቆረጠ ጎማ ይደፈናል፤ ውኃውም ሌላ መግቢያ ይመርጣል። የማይሞቀው የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው፤ የተበጠሰው ሽቦ ጫፍና ጫፉ ተጠምዞ ይያያዛል፤ ከዚያ ወዲያ እንጀራው በአንድ ወገን ብቻ ያራል። ስለ ሁለቱ ሌሎች ይጻፉ። የሚንገጫገጨው ግን፣ ወንበርም ሆነ በር፣ አጥርም ሆነ የዶሮ ቤት፣ መድኃኒቱ አንድ ነው። አባወራው «እስቲ ያንን ጣሳ አቀብሉኝ» ይላል። ጥናታችን የሚጀምረው ጣሳው ሲንኳኳ ነው።

ምስማር ወደ ቤት የሚገባው በኪሎ ተመዝኖ፣ በወረቀት ተጠቅልሎ፣ እያብለጨለጨ ነው። ይህ የሕይወቱ አጭሩ ዘመን ስለሆነ አናተኩርበትም። ቀይ ቡና መለቀም ሲጀምር በባሕር ዛፍ አጣና ላይ የማድረቂያ አልጋ ይመታበታል። ቡናው ደርቆ ጆንያ ሲገባ አልጋው ይፈርሳል፤ አጣናው ለአጥርና ለማገዶ ይከፋፈላል፤ ምስማሩ በጉጠት ተነቅሎ፣ በዚያው ጎብጦ፣ ጣሳ ይገባል። በሚቀጥለው ዓመት ተቃንቶ የሽግግር ቀፎ ክዳን ይሠራበታል። ቀፎው ሲያረጅ ወደ ሽንት ቤት በር ይዛወራል፤ ከዚያ ወደ ወንበር እግር፣ ከወንበር እግር ወደ ካላንደር መስቀያ። የመንግሥት ሠራተኛ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ዝውውር ችሎ ያለ አንድ ዕድገት ባላገለገለም ነበር። የእያንዳንዱን የአገልግሎት ታሪክ የሚያውቀው አባወራው ብቻ ነው። ከጣሳው አንዱን አንሥቶ፣ በብርሃን አገላብጦ፣ «ይቺ እንኳ የአባቴ ቤት ናት» ይላል። ምስማሯ ከሌሎቹ በምን እንደምትለይ ጠይቀን የተሰጠን መልስ ዝምታ ነው።

ለታሪክ ያህል፣ አያቶች ይህ ችግር አልነበረባቸውም። በነባሩ የከፋ ቤት አሠራር ማገሩ የሚታሰረው ከደን በተቆረጠ ሐረግ ነው። ሐረግ ጎበጠ ተብሎ አይታማም፤ የሚሠራውም ጎብጦ ነው። ሲበሰብስ ሌላ ይቆረጣል፤ አሮጌውን «አንድ ቀን ይጠቅማል» ብሎ የሚያጠራቅም የለም። የከፋ ነገሥታትም፣ የመጨረሻው ጋኪ ሻሮቾ በ1897 እ.ኤ.አ. እስኪያዝ ድረስ፣ አገራቸውን በጥልቅ ጉድባና በአጥር ሲያስጠብቁ ኖረዋል። ከእነርሱ አንዱ ቅዳሜ ከሰዓቱን ምስማር በማቃናት ስለማሳለፉ የተጻፈ ነገር አላነበብንም።

ወደ ምደባው እንግባ። ከጣሳው የሚወጣው የመጀመሪያው ዓይነት ደጋን ነው፤ ከራሱ እስከ ጫፉ በአንድ ለስላሳ ቅስት የጎበጠ፣ ለመቃናት ፈቃደኛ፣ ጠባዩ የተመሰገነ። ሁለተኛው መንጠቆ ነው፤ ከጫፉ አካባቢ ብቻ የታጠፈ፣ እንጨቱን በስቶ ወጥቶ በወዲያኛው በኩል የተቀለበሰ ለመሆኑ ምስክር። ሦስተኛው አንገተ ሰባራ ነው፤ ከራሱ ሥር ነው የታጠፈው፤ የሚመታው ሰው ወሬ እያወራ እንደነበር ያመለክታል። አራተኛው እባቤ ነው። እባቤ ከተፈጥሮ አይገኝም፤ ደጋን የነበረ ምስማር በችኮላ ሲቃና የሚፈጠር ነው፤ ሁለት ጉብታ አለው፣ አንዱ የችግሩ፣ አንዱ የመፍትሔው። አምስተኛው ራስ የለሽ ሲሆን ለምን እንደሚቀመጥ ሲጠየቅ አባወራው ይቆጣል። ስድስተኛው ምስማር አይደለም፤ የተሰበረ የጃንጥላ ዘንግ ነው፤ ሆኖም በጣሳው ውስጥ ሙሉ መብት አለው። የቢራ ቆርኪዎቹን ከምደባው ውጭ አድርገናቸዋል፤ ላስቲክና ወንፊት ሽቦ ሲመታ የምስማሩን ራስ ማስፊያ ስለሆኑ የራሳቸው ጥናት፣ ምናልባትም የራሳቸው ጣሳ ይገባቸዋል።

ማቃናት በድንጋይ ላይ ይፈጸማል። ብረት ላይ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ብረቱን ግን ጎረቤት ተውሶታል። ምስማሩ ጉብታውን ወደ ላይ አድርጎ ይተኛል፤ በሁለት ጣት ይያዛል፤ መዶሻው ጉብታውን ቀስ፣ ቀስ እያለ ይነካዋል፤ በየምቱ መካከል ምስማሩ በጥቂቱ ይንከባለላል። ጠንከር አድርገው ከመቱት እባቤ ይወለዳል። ሳት ብለው ከመቱት ጣት ነው። የአባወራው የግራ አውራ ጣት ጥፍር ዓመቱን ሙሉ ጥቁር ስለሆነ፣ መልኩ እንደዚያ ይመስላቸው የነበሩ ልጆች አጋጥመውናል። ሦስተኛው አደጋ ራሱ መዶሻው ነው። እጀታው ሲደርቅ ራሱ ወልቆ ይበራል። ደረቅ አገር ቢሆን እንጨቱ እንዲያብጥ ውኃ ውስጥ ይነከር ነበር፤ ቦንጋ ላይ ውጭ ማሳደር ይበቃል። ካልበቃም በእጀታው ጫፍ ምስማር ሽብልቅ ሆኖ ይመታበታል። ያ ምስማር የሚመጣው ከዚያው ጣሳ ነው፤ ጎብጧል፤ ለመቃናት መዶሻ ይፈልጋል።

የነገሩን ሳይንስ ለሚሹ፦ ብረት ሳይግል ሲጎብጥ የጎበጠበት ቦታ ይጠነክራል፤ ሲቃናም ይብስ ይጠነክራል፤ ሲደጋገም ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ዓይን የማያያት ትንሽ ጠማማነት ስለምትቀር ደግሞ፣ የተቃና ምስማር በሚቀጥለው ምት የሚጎብጠው ድሮ በጎበጠበት ነው። እንጨቱም ነፃ አይደለም። እርጥብ አጣና ምስማርን በደስታ ይቀበላል፤ ሲደርቅ ይኮማተርና ይለቀዋል። ያልደረቀ እንጨት መግዛትና በልቅነቱ ምስማሩን መውቀስ የተለመደ ነው። ከዚህ ሁሉ መካከል ግን ከልባችን የምናደንቃቸው ሁለት ጥበቦች አግኝተናል። አንደኛው፣ አባወራው ከመምታቱ በፊት የምስማሩን ሹል ጫፍ በመዶሻ ጠቅ አድርጎ ያዶለዱመዋል፤ ሹሉ እንጨቱን ፈልቅቆ ይሰነጥቃል፣ ዱልዱሙ ግን ቃጫውን እየደፈጠጠ ስለሚገባ ጣውላው ይተርፋል። ሁለተኛው፣ ጠንካራ እንጨት ሲገጥመው ምስማሩን ከማሩ ጨመቃ በተረፈ ሰፈፍ ያሻሸዋል፤ ያለ ጩኸት ይገባል። አዲስ አበባ፣ መርካቶ ምናለሽ ተራ ያሉት ባለሙያዎች ከውዳቂ ብረት የማይሠሩት የለም፤ በሰፈፍ ጉዳይ ግን የቦንጋው ጓሮ ይበልጣቸዋል ብለን በድፍረት እንጽፋለን።

እማወራዋ ይህን ሁሉ አትቀበልም። አቋሟ በአንድ ጥያቄ የተጠቃለለ ነው፦ «ስማ አንተ፣ አንድ ኪሎ አዲስ ብትገዛ ምን ትሆናለህ?» ጣሳውን ለቁራሌው እንደምትሰጠውም ደጋግማ አስታውቃለች። የአባወራው መልስ ዘወትር አንድ ነው፤ ያሁን ምስማር ልፍስፍስ ነው፣ የድሮው ነበር ምስማር። ይህ አስተያየት በቤተሰቡ ውስጥ የቆየ ነው። አባቱም የተናገሩት ሲሆን፣ ያን ጊዜ ልፍስፍስ ያሏቸው ምስማሮች ዛሬ ልጃቸው «የአባቴ ቤት ናት» የሚላቸው ናቸው።

አንባቢ፣ አዲስ ምስማር በቤቱ የለም እንዳይል። አለ። ከቆጡ ላይ፣ በወረቀቱ እንደተጠቀለለ፣ «ለቁም ነገር» ተብሎ ተቀምጧል። ቁም ነገር ምን እንደሆነ አልተወሰነም። የወንበሩ እግር ቁም ነገር አይደለም፤ የአጥሩ በር አይደለም፤ የጣሪያው ጠርዝ በነፋስ የተነሣ ጊዜ ጉዳዩ ታይቶ «ይሄማ ባሮጌውም ይሆናል» ተብሏል። የቦንጋ እርጥበት ግን ውሳኔ አይጠብቅም። ወረቀቱ የተፈታ ዕለት ምስማሮቹ አንድ ቀን ሳይሠሩ ዝገው፣ እርስ በርስ ተጣብቀው ተገኝተዋል፤ አባወራውም በልፍስፍስነታቸው ላይ አዲስ ማስረጃ አገኘ።

የቀረን አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ እርሱም መቀርቀሪያ የሚሆነው ምስማር ነው። የዶሮ ቤት በር የሚዘጋው በማጠፊያና በቁልፍ አይደለም። በመቃኑ ላይ አንድ 8 ቁጥር ምስማር እስከ ግማሹ ይመታል፤ ከዚያ የቀረው ግማሽ በመዶሻ ወደ ጎን ይታጠፋል፤ ታጥፎም በሩ ላይ ዞር ይላል፤ በሩ ተዘጋ ማለት ነው። ረዳት ተመራማሪው የአባወራው የመጨረሻ ልጅ ሲሆን፣ ሥራው ጣሳውን መያዝና ጣቱን ማራቅ ነው። መቀርቀሪያ ሊሠራ መሆኑን ሲሰማ ከጣሳው ሸጋ መንጠቆ መርጦ «አባ፣ ይቺ ታጥፋለች እኮ፣ ተዘጋጅታለች» አለ። አባወራው በትዕግሥት አስረዳው፤ ጎባጣ ምስማር እንጨት አይገባም፤ ስለዚህ ለመጉበጥ በመጀመሪያ መቃናት አለበት። ልጁ ጥቂት አሰበ። ፊቱ ላይ ያየነውን በዚህ ጽሑፍ አናሰፍርም።

መንጠቆው ድንጋይ ላይ ወጣ፤ ተንከባለለ፤ ተቃና፤ በብርሃን ታየ፤ አንድ ጊዜ እባቤ ሆኖ ተመለሰ፤ ጫፉ ዶለዶመ፤ ሰፈፍ ተቀባ። እስከ ግማሹ ቀጥ ብሎ ገባ። አባወራው በዚያ ቅጽበት ያሳየው ኩራት ተገቢ ነበር፤ ይህን ያህል ቀጥ ያለ ምስማር በግቢው ታይቶ አይታወቅም። ቀጥሎ እንዲጎብጥ ተመታ። ዕድሜውን በሙሉ ማንም ሳያዘው ሲጎብጥ የኖረው ምስማር አሁን ሲታዘዝ እምቢ አለ። ደግሞ ተመታ። በሦስተኛው፣ ቀደም ብለን በጠቀስነው የጥንካሬ ሕግ መሠረት፣ ቀጭ አለ።

ከዚህ ቀጥሎ መቀርቀሪያው ወደ ቀኝ ወይስ ወደ ግራ መዞር እንዳለበት፣ ስለ ቆርኪዎቹ፣ እንዲሁም ጎረቤት ስለተዋሰው ብረት በሰፊው ልናትት ነበር። ነገር ግን በሩን የያዘ ሰው የለም፤ ዶሮዎቹ ወጥተው አንዷ የቡናው አልጋ ላይ ወጥታለች፤ እማወራዋም አጥኚውን በስሙ እየጠራችው ነው።